የገዛሁት ብሌንደርና የልጄ አንጀት

ፌብሩዋሪ 2017 ላይ 34 ዶላር ከፍዬ ብሌንደር ገዛሁ። ባለቤቴ እንዳታየው መኪናዬ ትራንክ ውስጥ ደበቅኩት። ለጁስ አልነበረም። የራሴን ሰገራ ከጨው ውሃ ጋር ፈጭቼ፣ በመቀመጫዋ በኩል ለአሥር ዓመት ልጄ ልሰጣት ነበር።

ይህን ስናገር ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ፊቱን ያጨማድዳል። ልጁን ደም ሲያስቀምጠው ያየ ወላጅ ግን አይስቅም። የምጽፈውም ለሱ ነው። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፤ የሐኪም ወረቀቷ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ታክሲ እነዳለሁ። ልጄን ቤት ውስጥ ሚጣ ነው የምንላት። አዲስ አበባ ተወልዳ በሦስት ዓመቷ መጣች። 2016 ክረምት ላይ አያቶቿን እንድታይ ወሰድናት። ስንመለስ ሆዷን ያማት ጀመር። ማን ሌላ ነገር ይጠረጥራል? አሜባ ነው አልን። እናቴ በስልክ አሜባ ነው አለች። ጎረቤት አሜባ ነው አለ። ሻንጣችን ውስጥ ሜትሮኒዳዞል ነበር፤ የኛ ሰው ያለሱ አይጓዝም። ሰጠናት። ለሳምንት ያህል ቀለል አላት። ተመልሶ መጣ። ደገምንላት። ከዚያ የወሰድናት ክሊኒክ ደግሞ የሆድ ቫይረስ ነው ብሎ መለሰን። እንዲህ እያልን ሁለት ወር ተኩል በላን።

እሷም የደበቀችን ነገር ነበር። ደሙን። ውሃ ትለቅበትና ትወጣለች። ያወቅነው እናቷ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ቁጭ ብላ ስታለቅስ ስላገኘቻት ነው። በአንድ ሌሊት አምስቴ ትነሳ ነበር ለካ። 68 ፓውንድ የነበረች ልጅ 57 ገብታለች። አንጀቴ ተላወሰ። ልጆቻችንን ስለ ሰገራ ማውራት ነውር ነው ብለን ነው ያሳደግናቸው። ሆድ ይፍጀው ይባል የለ? የሷንስ ሆዷን ራሱን ፈጀው።

የልጆች የአንጀት ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ፈጠነ። ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አለ። አንጀት ውስጥ ብግነት መኖር አለመኖሩን ያሳያል። ከ50 በታች ከሆነ ደህና ነው። የሷ 1,800 ነበር። ደሟም አንሷል፤ ሄሞግሎቢኗ 8.4 ነበር። በመቀመጫ በሚገባ የካሜራ ቱቦ፣ በኮሎኖስኮፒ ሲታይ ትልቁ አንጀቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆስሏል። አልሰረቲቭ ኮላይትስ ተባለ።

ክሮንስ ከሚባለው ሌላ የአንጀት በሽታ ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ክሮንስ ከአፍ እስከ መቀመጫ የትም ቦታ ሊወጣ ይችላል፤ ኮላይትስ ትልቁን አንጀት ነው የሚይዘው። የሰውነት መከላከያ የገዛ አንጀቱን ሲዋጋ ማለት ነው። አይተላለፍም። በርበሬም አላመጣውም። ይህን ለእናቴ እስካሁን ማስረዳት አልቻልኩም።

ፕሬድኒሶን የሚባል፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ ስቴሮይድ ጀመረች። በሁለት ሳምንት ደሙ ቆመ፣ ፊቷ ግን እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። መጠኑ ሲቀነስ ደሙ ተመለሰ። እንደገና ተጨመረ፣ እንደገና ተቀነሰ፣ እንደገና ደም። ያኔ ዶክተሯ ኢንፍሊክሲማብ አለችን። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ከመጀመሪያው በኋላ በሁለተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ይደገማል፣ ከዚያ በየስምንት ሳምንቱ። የሰጡንን ወረቀት ቤት ወስጄ አነበብኩት። ከባድ ኢንፌክሽን ይላል። ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ይላል። ለአሥር ዓመት ልጅ! አልፈርምም አልኩ።

ወደ ስልኬ የሸሸሁት ያኔ ነው። ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ስጠብቅ ሁለት ሦስት ሰዓት መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። ሌላው ሹፌር ካርታ ሲጫወት እኔ ስለ ሰገራ አነባለሁ። ኤፍ ኤም ቲ ይሉታል፣ የሰገራ ንቅለ ተከላ። ሐሳቡ ለገበሬ ልጅ ወዲያው ይገባዋል። አንጀታችን ውስጥ ለቁጥር የሚያስቸግር ባክቴሪያ አለ። የታመመው ሰው ማሳ አረም ወርሶታል። ከጤነኛ ሰው ዘር አምጥተህ ትዘራበታለህ። ቻይናዎች ከ1,600 ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። 1958 ላይ የዴንቨር ሐኪሞች አራት በጠና የታመሙ ሰዎችን በዚህ መንገድ አድነዋል። 2013 ላይ የወጣ የሆላንድ ጥናት ደግሞ ጭራሽ አስፈነደቀኝ። ከ16 ሰው 13ቱ በአንድ ጊዜ ብቻ ዳኑ! ቫንኮማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት አራት ናቸው።

አንድ ነገር ግን ዘልዬ አነበብኩ። ያ ጥናት ስለ ኮላይትስ አልነበረም። ሲዲፍ ስለሚባል ባክቴሪያ ነበር። ሙሉ ስሙ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል ነው። አንቲባዮቲክ የአንጀትን መልካም ባክቴሪያ ሲጨርስ ባዶ ቤት አግኝቶ የሚገባ ነገር ነው። እኔ የማየው መስማት የምፈልገውን ብቻ ነበር። ዩቲዩብ ላይ ቤታቸው ውስጥ ሠርተው ዳንን የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል። ብሌንደር፣ ወንፊት፣ የጨው ውሃ፣ በመቀመጫ የሚሰጥበት የኢኒማ ጠርሙስ። ለጋሹ እኔው ነኝ። ሆዴን አሞኝ አያውቅም፤ ድንጋይ ብበላ ይፈጫል እላለሁ።

ብሌንደሩን ከገዛሁ በሦስተኛው ቀን ቀጠሮ ነበረን። ባለቤቴ ሚጣን ይዛ ለደም ምርመራ ስትወጣ ለዶክተሯ ተናዘዝኩ። አልሳቀችም። አልተቆጣችምም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ከኢትዮጵያ የተመለሱት መቼ ነው?»

ለአባቴ ተዝካር ሄጄ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንቴ ነበር። እዚያም ጉሮሮዬን አሞኝ አሞክሳሲሊን ወስጄ ነበር። እንደነገረችኝ ለጋሽ ባለፉት ስድስት ወራት የተቅማጥ በሽታ ወደሚበዛበት አገር ከተጓዘ አይቀበሉትም። በቅርቡ አንቲባዮቲክ የወሰደንም አይቀበሉም። ይህን ጥያቄ ያለፈ ሰው ደግሞ ደሙም ሰገራውም ይመረመራል። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ፣ ቂጥኝ፣ ጥገኛ ተሕዋስያን፣ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች። «ልጅዎ ስቴሮይድ ላይ ናት» አለችኝ። «እርስዎን የማያሳምም ነገር እሷን ሊጥላት ይችላል።»

በነጋታው ለራሴ ሰገራዬን አስመረመርኩ። ጃርዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተገኘ። ድንጋይ የሚፈጨው ሆድ ውስጥ ጃርዲያ ተሸክሜ እዞር ነበር።

ስለ ኮላይትስ ያለውንም አብራራችልኝ። ወረቀት ላይ እየጻፈች ነው የነገረችኝ፤ ወረቀቱ አሁንም አለኝ። 2015 ላይ ካናዳ ውስጥ በአዋቂዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ኤፍ ኤም ቲ ካገኙት 38 ሰዎች ዘጠኙ በሽታው ተኛላቸው። ውሃ ብቻ ከተሰጣቸው 37 ደግሞ ሁለቱ። የሚገርመው ከዘጠኙ ሰባቱ ያገኙት የአንድ ለጋሽ ነው። ያ ሰው ምን እንዳለው ማንም አላወቀም። በዚያው ዓመት የወጣ የሆላንድ ጥናት ግን ልዩነት አላገኘም። የልጆቹ ከዚህም ያንሳል። ሚሺጋን ውስጥ 2013 ላይ ዘጠኝ ልጆችና ወጣቶች አምስት ቀን በተከታታይ ተሰጥቷቸው ሰባቱ ተሽሏቸዋል፣ ሦስቱ ምልክቱ ጠፍቶላቸዋል። ግን የሚወዳደሩበት ሌላ ቡድን አልነበረም። ሲያትል ውስጥ አራት ልጆች በአፍንጫ ቱቦ ተሰጥቷቸው አንዳቸውም አልተሻላቸውም። «ተስፋ አለው፣ ሕክምና ግን ገና አልሆነም» አለችኝ። ጥናት ከተከፈተ እነግራችኋለሁ አለች። እስከዚያው ልጅቷ ደም እያጣች ነው።

እኔ ስለ መድኃኒቱ አደጋ ብቻ ነበር የማስበው። መድኃኒቱን ሳልፈርም ያሳለፍኳቸው ስድስት ሳምንታትም አደጋ ናቸው። እነሱን አልቆጠርኳቸውም ነበር። የዚያን ዕለት ፈረምኩ።

እዚህ ላይ ለኛ ሰው የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ከኢንፍሊክሲማብ በፊት የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው፤ ተኝቶ የነበረ ቲቢ ካለ መድኃኒቱ ይቀሰቅሰዋል። አገር ቤት ተወልዶ የቢሲጂ ክትባት የወሰደ ልጅ በክንድ ላይ በሚደረገው ምርመራ ሳይኖርበት አለበት ሊባል ይችላል። በደም የሚሠራው ምርመራ በቢሲጂ አይሳሳትም። ለዶክተሩ «ቢሲጂ ወስዳለች» ብላችሁ ንገሩ። የቢጫ ወባ ክትባትም ሕያው ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒቱ ላይ ላለ ልጅ አይሰጥም፤ አገር ቤት ለመሄድ ስታስቡ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ክትፎ ጥሬው ቀረባት። እናቴ በሃይላንድ ጠበል ልካልን ነበር። ዶክተሯ አፍልታችሁ አጠጧት አለች፤ ባለቤቴ ጠበል አይፈላም ብላ ተቆጣች። በመጨረሻ ሚጣ ተቀባችው እንጂ አልጠጣችውም። ሁለቱም ወገን ረካ።

ኢንፍሊክሲማቡ ሠራ። በሦስተኛው ዙር ሌሊት መነሳቷ ቆመ። በዓመቱ 80 ፓውንድ ገባች። የፈራሁት መድኃኒት ልጄን መለሰልኝ። ብሌንደሩ ካርቶኑን ሳይፈታ ቤዝመንት ወረደ።

2018 ፀደይ ላይ ጥርሷ ሥሩ መግል ያዘ። አንቲባዮቲክ ታዘዘላት። በሳምንቱ ተቅማጡ ጀመራት፤ በቀን አሥር፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። ኮላይትሱ ተነሳ ብዬ ቤት የቀረውን ፕሬድኒሶን ልሰጣት ነበር። ነርሷ በስልክ አስቆመችኝ። «መጀመሪያ ሰገራ አምጡ።» ሲዲፍ ተገኘ። ልጃችሁ ኮላይትስ ካለበትና ተቅማጡ ድንገት ከባሰ፣ ኮላይትሱ ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ሲዲፍ ይመርመር በሉ። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው።

ቫንኮማይሲን በአፍ አሥር ቀን። ጠፋ። መድኃኒቱ ካለቀ በሁለት ሳምንት ተመለሰ። ደግሞ ቫንኮማይሲን፣ አሁን ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ሳምንታት። ተመለሰ። ቤታችን የጽዳት ሠራተኞች ቤት መሰለ። የእጅ ጄል ለሲዲፍ ዘር ምኑም አይደለም፤ እጅ በሳሙናና በውሃ ነው የሚታጠበው። የሽንት ቤቱን መቀመጫ፣ እጀታውን፣ የመብራት ማብሪያውን በበረኪና እንጠርግ ነበር። ለሷ የተለየ ሽንት ቤት ሰጠናት። እኔና ባለቤቴ ከታናሽ ወንድሟ ጋር በአንዱ ተጋፋን።

ሦስተኛው ጊዜ ላይ ዶክተሯ ራሷ አነሳችው። ኤፍ ኤም ቲ። ለኮላይትሱ አይደለም፣ ለሲዲፉ። ደጋግሞ ለሚመለስ ሲዲፍ በልጆችም ላይ ተሠርቶበታል። ፈገግ ብላ «ብሌንደር አያስፈልግም» አለችኝ።

የመጣው ማሳቹሴትስ ካለ የሰገራ ባንክ ነው፤ ኦፕንባዮም ይባላል፣ 2012 የተመሠረተ። ልለግስ ብለው ከሚመጡት ከመቶ ሦስት ያህሉ ብቻ ነበሩ የሚያልፉት። ሚጣ ይህን ስትሰማ «ሃርቫርድ ከመግባት ይከብዳል ማለት ነው» አለች። እናቷ ልጄ ሃርቫርድ ትገባለች ብላ ስለምታስብ ቀልዱ አልጣማትም።

ስለ ቀኑ ልንገራችሁ፤ ማንም ስላልነገረን ብዙ ፈርተን ነበር። ቫንኮማይሲኑ ከሁለት ቀን በፊት ቆመ፤ አለበለዚያ አዲሱንም ዘር ይገድለዋል። ዋዜማውን አንጀት የሚያጥብ ዱቄት በጌቶሬድ በጥብጣ ጠጣች። ከሁሉ የከበዳት እሱ ነው። የሎሚውን ጣዕም እስከዛሬ አትወድም። በማግስቱ በማደንዘዣ ተኛች። በኮሎኖስኮፒ ቱቦ 250 ሚሊ ሊትር የሚሆን ቡናማ ፈሳሽ ተሰጣት። ከበረዶ ወጥቶ የቀለጠ ነው፤ ሳየው የተበጠበጠ ተልባ መሰለኝ። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት አልሞላም። ቶሎ እንዳይወጣ ሎፔራማይድ ተሰጣት፣ በጎኗ ተኛች። ማታ ሆዷን ትንሽ ነፋት፣ ትኩሳቷ በጥቂቱ ከፍ አለ፣ በነጋታው ሁሉም ጠፋ።

ከመተኛቷ በፊት ነርሷን «የማነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ስሙን አናውቅም» አለች ነርሷ። «ካንቺም ከኔም የበለጠ ጤነኛ መሆኑን ነው የምናውቀው።»

ሚጣ ወደኔ ዞረች። «አባዬ፣ ሰውዬው እንጀራ በልቶ ያውቃል? ባክቴሪያዎቹ እንጀራ ባይወዱስ?»

ይህን ያህል ስትቀልድ አይቼ ገባኝ፤ እኛ ስለሷ ስንወስን እሷን በደንብ አልጠየቅናትም ነበር። ዶክተሯ ግን ጠይቃታለች። ለብቻዋ አስቀምጣ፣ ሥዕል ሥላ፣ እምቢ ማለት እንደምትችል ነግራ። ያኔ ብሌንደሩን ይዤ ብመጣባት ኖሮ እምቢ ማለት ትችል ነበር? አባቷ ነኝ። አትችልም ነበር።

ሲዲፉ ሄደ። እስከዛሬ አልተመለሰም። ተቅማጡ በአራት ቀን ውስጥ ቆመ፣ በሳምንቱ ትምህርት ቤት ገባች። ደሟን ትደብቅ የነበረችው ልጅ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ቆማ አንጀት ሥላ አስረዳች። ባለቤቴ ሰው ይሰማል ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈች።

እኔ ግን በውስጤ ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር። ኮላይትሱም አብሮ ይሄዳል ብዬ። ሦስት ወር ሙሉ ካልፕሮቴክቲኑ ከ100 በታች ነበር፤ ተመስገን፣ ድሮም ልክ ነበርኩ አልኩ። ኢንፍሊክሲማቡን ብንተወውስ ብዬም ጠየቅኩ። ዶክተሯ እምቢ አለች። ጃንዋሪ 2019 ላይ ደሙ ተመለሰ። የመድኃኒቱ መጠን ተጨምሮ፣ በየስድስት ሳምንቱ ሆኖ ነው የተኛው። ኤፍ ኤም ቲው የመጣበትን ሥራ ሠርቶ ሄዷል። እኔ ያልመጣበትን ተጨማሪ ሥራ ጠብቄበት ነው ያዘንኩት። ከዚያ በኋላ ሳነብ፣ የአንጀት ብግነት ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ከኤፍ ኤም ቲ በኋላ በሽታው እንደሚነሳባቸውም አየሁ።

ጁን 2019 ላይ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ ማስጠንቀቂያ አወጣ። መከላከያቸው የተዳከመ ሁለት አዋቂዎች ከአንድ ለጋሽ በተወሰደ ሰገራ መድኃኒት የማይበግረው ኢ ኮላይ ተላልፎባቸው አንዱ ሞተ። ያ ለጋሽ ሌላ ምርመራ አልፏል፤ ለዚያ ባክቴሪያ ግን ሰገራው አልተመረመረም ነበር። ደለስ ተራ ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። መንገደኛ መስኮት አንኳኳ፤ አልሰማሁትም።

አሁን ብዙ ነገር ተለውጧል። 2022 ላይ ሪባዮታ፣ 2023 ላይ ቫውስት የሚባል እንክብል በኤፍዲኤ ጸድቀዋል። ሁለቱም ሲዲፍ እንዳይመለስ ነው፣ ሁለቱም ከ18 ዓመት በላይ ላለ ሰው። 2024 ላይ የአሜሪካ የአንጀት ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ ለኮላይትስም ለክሮንስም ኤፍ ኤም ቲ ከጥናት ውጭ አይመከርም ብሏል። ጥናት የምትፈልጉ ክሊኒካልትራያልስ ዶት ገቭ ላይ የበሽታውን ስምና የልጃችሁን ዕድሜ አስገብታችሁ ፈልጉ፤ ያገኛችሁትን ወስዳችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ። በብዙ ሺህ ዶላር እናድናለን የሚል ቦታ ካጋጠማችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ለጋሹ በምን በምን ተመርምሯል፣ ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ።

ሚጣ 18 ሞላት። ከልጆች ሐኪም ወጥታ የአዋቂዎች ዘንድ ገብታለች። ቀጠሮዋን ራሷ ነው የምትይዘው። ቤዝመንት የነበረውን ብሌንደር አውጥታ አቮካዶ ትፈጭበታለች። ለምን እንደተገዛ ታውቃለች።

ባለፈው ወር አንድ አባት ከዳላስ ደወለልኝ፤ ቁጥሬን ቤተክርስቲያን ሰጥተውት ነው። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። ሦስተኛ ዙር የአሜባ መድኃኒቱን ጨርሷል። ደም ያስቀምጠዋል። ዩቲዩብ አይቷል፣ ዕቃውንም ገዝቷል፣ ቅዳሜ ሊጀምር ነው።

«ካልፕሮቴክቲኑ ስንት ነው?» አልኩት።

«ምንድነው እሱ?» አለኝ።

ታክሲዬን ዳር ያዝኩና ሞተሩን አጠፋሁ።